የሕዋስ ቀለብ

እኔ የለመንኩት ማይክሮስኮፕ ነበር። ይኸን አስቀድሜ የምናገረው፣ በከተማችን ገበያ እስከ ዛሬ «መምህሩ ከፈረንጅ ያስመጣው ዱቄት» ሲባል የሚሰማ ሰው፣ ዱቄት ቸግሮኝ ባሕር ማዶ ደጅ የጠናሁ እንዳይመስለው ነው። ዱቄትማ መንዝ ምን ጠፍቶ! የገብሱ አለ፣ የባቄላው አለ፣ በሶው አለ። ዱቄት ለመለመን ከጎረቤት ማለፍ አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን ከጓሳ ሜዳ ጥግ በተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ስሟን አልጠራም፤ ነፋሷን የቀመሰ ያውቃታል። ብርዱ ሰዉን ሁሉ እስከ ዓይኑ በጋቢ ስለሚጠቀልለው፣ ማን ሰላም እንዳላችሁ የሚገባችሁ ሰውየው ካለፈ በኋላ በአረማመዱ ነው። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ነበረው። ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ፣ የተሰነጠቀ ብልቃጥና በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ከሦስቱ በደንብ የሚሠራው ጽሑፉ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ሕዋስ አስተምራለሁ። ሕዋስ አይቼ አውቃለሁ ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ኮሌጅ ሳለሁ ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅኜ ነበር። ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው። እሱኑ በጥንቃቄ ሥዬ አስረክቤ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

አንድ የክረምት መጨረሻ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀበረና ከተማችን አደሩ። ከእነሱ አንዷ በአገሯ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ ደግ ሴት ነበረች። ትምህርት ቤቱን ዞራ አይታ፣ ብልቃጡን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «ምን ያስፈልጋችኋል?» አለችኝ። ያን ጊዜ «ማይክሮስኮፕ» የምትለው ቃል፣ ያውም የራሳቸው ቃል፣ ከአፌ ጠፋች። ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። ያለኝን እንግሊዝኛ ጠራርጌ «ሕዋስ ማየት እንፈልጋለን፤ ሕዋስ የለንም» አልኳት። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጄን ጨብጣ ሄደች።

ከወራት በኋላ አንድ ትልቅ ካርቶን መጣ። ርዕሰ መምህራችን አቶ በላቸውና እኔ እየተሻማን ከፈትነው። ውስጡ ነጫጭ የፕላስቲክ ጣሳዎች ተደርድረዋል። አንዱን አነሳሁና አነበብኩ። «ሲረም ፍሪ ግሮውዝ ሚዲያ፤ ፓውደር።» ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሠለጠነው ዓለም ያሉ ቤተ ሙከራዎች ከሰው ወይም ከእንስሳ አካል የወሰዱትን ሕዋስ በሳህን ላይ በሕይወት ያኖሩታል። ሕዋሱ ደግሞ እንደማንኛውም ነፍስ ያለው ነገር ይርበዋል። ስለዚህ ጨዉ፣ ስኳሩ፣ ቫይታሚኑ ተመጥኖ የተቀመመ ዱቄት በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይቀርብለታል። ብዙ ጊዜ ከጥጃ ደም የሚጠለል ሲረም የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ የእኛ ዱቄት ግን ያለ ሲረም እንዲበቃ ሆኖ የተሰናዳ ነው። ሴትዮዋ ምን እንዳሰበች ያን ጊዜ ገባኝ። «ሕዋስ የለንም» ስላት፣ አገሩ የእኛ አገር ነውና፣ ሕዋሶቻችን በረሃብ ያለቁ መስሏት ነው!

ላም የለመነ ሰው ድርቆሽ ደረሰው።

«ምን ልበል ለሚጠይቀኝ?» አሉ አቶ በላቸው።

«የሚያሳድግ ምግብ ነው ይበሉ። ነፍስ ያለውን ነገር ያሳድጋል። ደምም የለበትም» አልኩ።

ይኸን ስናገር መስኮቱ ክፍት ነበር። በከተማችን በክፍት መስኮት የተነገረ ነገር ለሁሉም የተነገረ ነው።

ቀድመው የደረሱት አቶ ዳምጤ ናቸው። አቶ ዳምጤ የወረዳው የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ነበሩ፤ ዘመኑ ከማደግ ስለ እድገት ማውራት የሚቀድምበት ስለነበር ሥራ ይበዛባቸዋል። መነጽራቸውን ሰክተው የጣሳውን ጽሑፍ እንደ ፊደል ተማሪ እየቆረጡ አነበቡት።

«ግሮውዝ፣ እድገት። ሚዲያ፣ ሚዲያ። ይኸ እኮ የእኛ ነው! እንዴት ትምህርት ቤት ገባ?»

ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይኛው መስመር ወጣና ፊታቸው ተለወጠ። በሩን ዘጉት።

«መምህር፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፍሪ ይላል። ነፃ ሚዲያ ነው እንዴ?»

«ነፃነቱ ከሲረም ነው» አልኩ።

«ሲረም የማን ድርጅት ነው?»

«ድርጅት አይደለም፤ ከደም የሚገኝ ነገር ነው። ይኸ ዱቄት እኮ የሕዋስ ቀለብ ነው።»

ይኸን ባልል ይሻለኝ ነበር። በዚያ ዘመን ሕዋስ ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው፣ እየተሰበሰበ የሚገማገመው የድርጅት አባላት ቡድን እንጂ በየሰውነታችን ያለው አልነበረም።

«የየትኛው ቀበሌ ሕዋስ?» አሉ አቶ ዳምጤ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «የእኛ ሕዋሶች ቀለብ ተሰፍሮላቸው አያውቅም! ለማን ነው በጎን የሚሰፈረው?»

ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳ ላይ ክብ ሣልኩ፤ በመሐሉ ነጥብ አደረግሁ፤ አስረዳሁ። አቶ ዳምጤ ክቡን ትክ ብለው አዩና በመሐሉ ያለችው ነጥብ ሰብሳቢው እንደሆነች ጠየቁኝ። ደክሞኝ ስለነበር አዎ አልኩ። በመጨረሻ «ነገሩ እስኪጣራ ማንም እንዳይነካው» ብለው ካርቶኑን በዕቃ ግምጃ ቤት አስቆልፈው ሄዱ።

መቆለፉ ነው ነገሩን ያበላሸው። ያልተቆለፈ ዱቄት ዱቄት ነው፤ የተቆለፈ ዱቄት ግን መድኃኒት ነው።

ቀጥለው ቄስ መንገሻ መንገድ ላይ አገኙኝ። ዐቢይ ጾም ገብቷል። መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ልጄ፣ ጾም ነው ፍስክ?» አሉኝ።

«ምኑ አባ?»

«ዱቄቱ ነዋ።»

«የሚበላ እኮ አይደለም አባ።»

«ካልተበላ ለምን ቀለብ አልከው?» አሉና ቀጠሉ። «ደም አለበት?»

«ደምስ የለበትም። ስሙም ይኸንኑ ነው የሚለው።»

«ወተት?»

«ወተትም አላየሁበትም።»

«እንግዲያው የጾም ነው» ብለው አለፉ። እሳቸው የጠየቁት ለማወቅ ያህል ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ወሬው ተሞሽሮ ወጣ፤ መምህሩ ዘንድ ያለው የሚያሳድግ ዱቄት ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችው ነው ተባለ።

ጋሽ ሸዋረጋ የመጡት በማግስቱ ነው። ጋሽ ሸዋረጋ ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፤ ከተማችን ውስጥ ብርድ ያልገደለው ሰው ሁሉ የእሳቸው ውለታ አለበት። ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው ሰው ቤት ሲሄዱ አይታዩም። እኔ ቤት ግን በጭድ የተሞላ እንቅብ ይዘው ቆመዋል፤ በጭዱ ውስጥ እንቁላል አለ።

«ለፋሲካ ያቆዩታል» አሉ፣ ጾሙ ትዝ ሲላቸው አፍረው። «መምህር፣ ባለቤቴ መንታ ወልዳለች። ወንዶች ናቸው። አንዱ ያድጋል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ ዱቄት ትንሽ ቢሰጡኝ። የአውራ ጣት ያህል ብቻ።»

«ጋሽ ሸዋረጋ፣ ዱቄቱ ለሰው አይሆንም።»

«ለማን ነው የሚሆነው?»

«ለሕዋስ።»

«ሕዋሱ የማን ነው?»

«የሰውም ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው ለሰው ይሆናል!»

እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከክፍል ተማሪ ቢመጣ «ጎበዝ» ብዬ አስጨበጭብ ነበር። በደጄ ላይ ሲመጣ ግን ላብ አጠመቀኝ። በሳህን ላይ የሚኖር ሕዋስ ሆድ የለውም፣ አንጀት የለውም፣ ልጅ ግን አለው፤ ስለዚህ ቀለባቸው ይለያያል እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። ጋሽ ሸዋረጋ አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙኝ በኋላ «ገባኝ» ብለው ሄዱ። የገባቸው ግን እንቁላሉ ማነሱ ነው።

በሳምንቱ ማር ይዘው መጡ። መለስኩላቸው። ከዚያ በግ አመጡ። ሙክት ነው፤ ቀንዱ እንደ ጥሩምባ የተጠመዘዘ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ደጄ ላይ አስረውት ሄደዋል። ማታ ጎትቼ መለስኩት። ጠዋት ስነሳ ደጄ ላይ ነው። ደግሞ መለስኩት። ደግሞ መጣ። ጎረቤት ሁሉ «መምህሩ በግ ያዝናናል» ይል ጀመር። በኋላማ በጉ መንገዱን ለምዶ ብቻውን ይመጣና ደጄ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። እኔም ንጹሕነቴን ለማስመስከር ቄስ መንገሻን፣ አቶ በላቸውን፣ ሻይ ቤት የተቀመጠውን ሁሉ እየጠራሁ «ይኸውላችሁ፣ አልተቀበልኩም!» እላለሁ። በጉን እንዳልተቀበልኩ ከተማው በሙሉ ምስክር ሆነ። ይኸን ሁሉ ስሯሯጥ ስለ ልጁ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ጥያቄው ከጋሽ ሸዋረጋ አልፎ ተዛመተ። ቁመቱ ያጠረበት ጎረምሳ፣ ላሟ የነጠፈችባት፣ ጺም አልበቅል ያለው አናጢ፣ ሁሉም ይመጣል። አቶ በላቸው መረራቸውና «የወላጆች ስብሰባ ላይ ዱቄቱን አውጥተን፣ ምን እንደሆነ በሰው ፊት አሳይና እንገላገል» አሉኝ። አቶ ዳምጤም አንድ ጣሳ ብቻ፣ እሳቸው ባሉበት፣ ይከፈት ብለው ፈቀዱ።

ቀኑ ደረሰ። ወላጁ ግቢውን ሞልቶታል፤ በዓል እንጂ ስብሰባ አይመስልም። ቄስ መንገሻ ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ሸዋረጋ ከኋላ ቆመዋል። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ጣሳውን ከፈትኩ። «ወገኖቼ፣ ይኸ ምግብ ለሰው የተሠራ አይደለም። በቤተ ሙከራ ላለ ሕዋስ ነው። ምትሃትም መድኃኒትም የለበትም። ደም የለበትም። ተራ ዱቄት ነው፤ እዩት» አልኩና በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጠበጥኩት። ውኃው ወደ ቢጫ አደላ። ሕዝቡ «አሃ» አለ፤ እንደ ጠላ ቅራሪ ነው የመሰለው። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን መምህር የሚባል ፍጥረት ማቆም አያውቅም። የጣሳው ጽሑፍ ከተበጠበጠ በኋላ ሶዳ ይጨመርበታል ይላል፤ እኔም ከዳቦ ቤቱ ያስመጣሁትን ሶዳ በማንኪያ ነሰነስኩበት።

ውኃው ቀይ ሆነ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለ ማቅለሚያ ሶዳ ሲያገኝ መልኩን ይለውጣል። ይኸን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ግቢው ተናወጠ። «ደም የለበትም ብሎ!» የሚለው አለ፤ እልል የምትለው አለች። አቶ ዳምጤ «ማነው ቀይ ያደረገው? ማን ፈቀደ?» እያሉ ጠረጴዛውን ይዞራሉ። ቄስ መንገሻ ሳቃቸውን ለመዋጥ በጋቢያቸው ተሸፍነዋል። እኔም ልስቅ ነበር።

ከኋላ ግን የጋሽ ሸዋረጋ ድምፅ መጣ። ሰውየው ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

«ደም ሆነ! ውኃው ደም ሆነ! አያችሁ? የኔ ልጅ እኮ ያጣው ደም ነው! እጁ ነጭ ሆኗል! በጉ አይበቃም ካሉኝ ቤቴን ልሽጥላቸው፣ ምን ላድርግ?»

ቄስ መንገሻ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ወደ እኔ ተጠግተው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «መንታዎቹን ያጠመቅኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ትልቁ ውኃው ሲነካው ቤተ ክርስቲያኑን አናጋው። ትንሹ አላለቀሰም። አፉን ብቻ ከፈተ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ከጠረጴዛው ወረድኩ።

«ጋሽ ሸዋረጋ፣ ልጁን ያሳዩኝ።»

ቤታቸው ስንገባ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ትልቁን ጡት እያጠቡ ነበር። ትንሹ ከጎናቸው በባና ተጠቅልሎ ተኝቷል። ስሙን ታገስ ብለውታል። ባናውን ገለጥ አደረግሁ። የአንድ ሽማግሌ ፊት በሕፃን ራስ ላይ ተቀምጦ አየኝ። ጣቴን ብሰጠው አልያዘውም። ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ ይኸን ለማወቅ ግን ባዮሎጂ አያስፈልግም ነበር።

«አሁኑኑ ሆስፒታል» አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም።

ወደ ታች የሚወርድ፣ ለገበያ በግ የጫነ የጭነት መኪና አገኘን። ሾፌሩ ጋቢናውን ለእናቲቱ ለቀቀ። ትልቁ ልጅ ጡት ካልያዘ አገር ስለሚያምስ ወይዘሮ ጽጌ እሱን ይዘው ገቡ፤ ትንሹን እኔ ታቀፍኩ። ጋሽ ሸዋረጋ ከበጎቹ ጋር ከላይ ወጡ። መንገዱ በጓሳ ጥግ ይጠማዘዛል፤ ጉሙ ከመስታወቱ ላይ እንደ ጠጉር ይጎተታል። በየጠመዝማዛው ከላይ የጋቢናው ጣሪያ ይንኳኳል። «እንዴት ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። «ደህና ነው!» ብለን እንጮሃለን። በጎቹም አብረው ይመልሳሉ። እውነቱን ለመናገር ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ጉንጬን አፍንጫው አጠገብ አድርጌ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ትመጣለች። ደግሞ እጠብቃለሁ። ሾፌሩ ወሬ ሊያስጀምር «የእርስዎ ልጅ ነው?» አለኝ። አይደለም ማለት ትንፋሽ ማባከን መስሎኝ ጉንጬን ወደ ልጁ አፍንጫ መለስኩ።

ሆስፒታሉ ደረስን። አንዲት ፈጣን፣ ቁጡ ሲስተር ልጁን ከእጄ ነጥቃ መዘነች፣ ዓይኑን ገለጠች፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። ወደ መደርደሪያው ሄደች። አንድ ከረጢት ቀደደች። ነጭ ዱቄት ወጣ። በለካችው ሙቅ ውኃ በጠበጠችና በትንሽ ኩባያ ወደ ልጁ አፍ አቀረበች።

ጋሽ ሸዋረጋ የበግ ጠጉር እንደተጣበቀባቸው በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ዱቄቱን አዩ። እኔን አዩ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ሞላ።

«ሰጡን» አሉ።

«ጋሽ ሸዋረጋ፣ ይኸ ሌላ ነው። ይኸ የተጎዳ ልጅ የሚያገግምበት ወተት ነው…»

«ሲስተር፣» አሉ እኔን ትተው፣ «ይኸ ከመምህሩ የመጣው ነው አይደል?»

«ከመምህሩም ይምጣ ከሚኒስትሩ፣ አሁን ልጁ ይጠጣበት!» አለች ሲስተሯ ቀና ሳትል።

ይኸ ለጋሽ ሸዋረጋ በቂ ማረጋገጫ ነበር። ታገስ አንድ ጉንጭ ዋጠ። ግማሹ ፈሰሰ። ደግሞ ዋጠ።

እናትና ልጆች እዚያ ሰነበቱ። ጋሽ ሸዋረጋ ስንቅ እያመላለሱ፣ በመጡ ቁጥር ዜናውን በየመንገዱ ይዘራሉ። የልጁ ጉንጭ መጣ፤ ከዚያ ቁጣው መጣ፤ አንድ ቀን ሲያለቅስ ክፍሉ ያለው ሕመምተኛ ሁሉ እንደነቃ በኩራት ነገሩን። ከተማው ተደሰተ። ከእኔ ደጅ ያለው ሰልፍም እጥፍ ሆነ፤ ዱቄቱ ተሞክሮ የታየ ሆኗላ! አቶ ዳምጤ ይኸን ሲያዩ ጣሳዎቹን በሙሉ አስጭነው ወደ ወረዳ ወሰዷቸው። ቢሮአቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባቸዋል ሲባል ሰማሁ። ነፃው ሚዲያ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፤ ማንም አይነካውም።

ከፋሲካ በኋላ እነ ጋሽ ሸዋረጋ ቤት ተጠራሁ። እሳቸው ጠላ ሊያስቀዱ ወጣ ሲሉ ከወይዘሮ ጽጌ ጋር ብቻችንን ቀረን። ወይዘሮ ጽጌ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። መንታዎቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ትንሹ አሁንም ትንሽ ነው፣ እጁ ግን የወንድሙን ጆሮ ይዟል።

«መምህር፣» አሉ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ሆስፒታል የተሰጠው ዱቄት የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ደነገጥኩ። ደስም አለኝ። «ታዲያ ለጋሽ ሸዋረጋ ለምን አይነግሯቸውም? እኔ ብዬ ብዬ አልሰማ አሉኝ።»

«ምን ብዬ ልንገረው? የጤና ሠራተኛዋ ገና ልጁን ሕመሙ እንደጀመረው ሆስፒታል ውሰዱት ብላን ነበር። ‹መድኃኒቱ እዚህ መምህሩ ዘንድ እያለ ምን አንከራተተን› ብሎ ያን ሁሉ ቀን በግ ሲጎትት የከረመው እሱ ነው። ዱቄቱ አንድ ነው ካለ፣ ደጅ መጥናቱ ልጁን አዳነ። አንድ አይደለም ካልኩት…»

ክሩ ተበጠሰ። ምራቃቸውን ነክተው ቀጠሉት።

«ሌሊት ሌሊት ይተኛል» አሉ። «ይተኛ።»

እኔም በእነዚያው ቀናት በጉን ወዲህ ወዲያ ስጎትት ነበር። ስለዚያ ወይዘሮ ጽጌ ምንም አላሉኝም። ማንሳት አቅቷቸው አይመስለኝም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ሸዋረጋ ገበያ ላይ ባናቸውን ዘርግተው ታሪኩን ለገዢው ሁሉ ይተርካሉ። ውኃው እንዴት ደም እንደሆነ፣ እሳቸው የጋቢናውን ጣሪያ ሲያንኳኩ እኔ እንዴት እንደመለስኩ፣ ሲስተሯ ዱቄቱን እንዴት እንደለካች። በዚያ ካለፍኩ እጄን ይዘው ከመሐል ያቆሙኛል።

«ይኸው ባለቤቱ! እሳቸውን ጠይቁ! ልጄ በዚህ ሰው ዱቄት ነው የዳነ!»

ሰዉ ወደ እኔ ይዞራል። «እውነት ነው መምህር?» ይሉኛል።

«ልጁማ ድኗል» እላለሁ።